ቀስተኛና በዓል በሮልፕሌይ ጌም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ሮልፕሌይ ጌም የሚጫወቱና ሊጀምሩ ያሰቡ ሰዎች ስለ ቀስተኛና ስለ በዓል ደጋግመው የሚጠይቁን እዚህ ተሰብስቧል፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ለመሆኑ ይሄ ጨዋታ ምንድነው?

አራት ወይም አምስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ይቀመጣል። አንዱ ጌም ማስተር ነው፤ ዓለሙን ይተርካል፣ የጠላቱንም የሽማግሌውንም የነጋዴዋንም ሚና እሱ ይይዛል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» እያሉ ታሪኩን ይገፉታል። ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል። ከዚያ ታሪኩ ሳምንት ካቆመበት ይቀጥላል።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ጨዋታ። ከታች የምንጠቅሳቸው ቁጥሮች አምስተኛው እትም ከሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው ሕግ የተወሰዱ ናቸው። በ2024 የተሻሻለ ሕግ ወጥቷል፤ የቀስት ርቀትና የጉዳት ቁጥር ግን ያው ነው፣ ስለዚህ የትኛውንም ብትይዙ ችግር የለም።

መጽሐፉም ዳይሱም ጅማ የለም። ምን ላድርግ?

መጽሐፍ መግዛት ግዴታ አይደለም። መሠረታዊው ሕግ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ማንም በነፃ ወስዶ እንዲጠቀምበት በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል። አንድ ሰው ዋይፋይ ባለበት ቦታ ቁጭ ብሎ ፒዲኤፉን ያውርድና ለሌሎቹ በስልክ ያስተላልፍ። ለቀስተኛ የሚያስፈልገው ሁለት ሦስት ገጽ ብቻ ነው፤ እሱን ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት።

ዳይስ የሚጥሉ ነፃ የስልክ አፖች ሞልተዋል። ስልክ ጨዋታውን ይረብሻል የምትሉ ከሆነ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ብጣሽ ወረቀቶች ኩባያ ውስጥ ከታችሁ እጣ አውጡ፤ ያወጣችሁትን ግን ሁሌ መልሱት፣ አለዚያ ዕድሉ ይዛባል። ተራው ባለ ስድስት ፊት የሉዶ ዳይስ ለአጭሩ ቀስት ጉዳት በቂ ነው። እጃችሁ ላይ ያለው የሉዶ ዳይስ ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ቀስተኛችሁ አጭር ቀስት ይያዝ።

አጭር ቀስት ይሻላል ወይስ ረጅም?

በቁጥር እንሂድ። አጭሩ ቀስት እስከ 80 ጫማ፣ ማለትም 24 ሜትር ገደማ፣ ያለ ችግር ይመታል። ከዚያ በላይ እስከ 320 ጫማ መወርወር ይቻላል፣ ግን ዳይሱ ሁለት ጊዜ ይጣልና ትንሹ ቁጥር ይያዛል። ረጅሙ 150 ጫማና 600 ጫማ ነው፤ 600 ጫማ ከ180 ሜትር ይበልጣል። ጉዳቱ በአጭሩ ባለ ስድስት ፊት፣ በረጅሙ ባለ ስምንት ፊት ዳይስ ነው።

ረጅሙ በሁሉም የሚበልጥ ይመስላል። ግን ወታደራዊ መሣሪያ ስለሆነ ያልሠለጠነበት ሰው ብቃቱን፣ ማለትም ሥልጠና ለዳይሱ የሚሰጠውን ተጨማሪ ቁጥር፣ አይደምርበትም፤ በ2014ቱ ሕግ ደግሞ ቁመተ አጭር የሆኑ ገጸ ባሕርያት ሲይዙት ይቸገራሉ። ደግሞም አብዛኛው ውጊያችሁ ክፍል ውስጥ፣ መንደር ውስጥ ወይም ጫካ ውስጥ ከሆነ 150 ጫማው ምን ይሠራላችኋል? በጅማ ዙሪያ እንዳለው ዓይነት ጥቅጥቅ ያለ የቡና ጥላ ሥር 20 ሜትር አሻግሮ ማየት ከተቻለ ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ ማስተሩን «የት ነው የምንጫወተው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ ምረጡ።

ምቱ እንዴት ነው የሚሰላው?

ባለ 20 ፊት ዳይስ ትጥላላችሁ፣ የቅልጥፍና ተጨማሪውን (ገጸ ባሕርዩ ምን ያህል ቀልጣፋ እንደሆነ ከሚያሳየው ነጥብ የሚገኘውን) ትደምራላችሁ፣ የብቃት ተጨማሪውን ትደምራላችሁ። ድምሩ የጠላቱን የመከላከያ ቁጥር፣ ማለትም እሱን ለመምታት የሚያስፈልገውን፣ ከደረሰ ወይም ካለፈ ፍላጻው አገኘው ማለት ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ቅልጥፍናዋ 16 የሆነ ተዋጊ አለች፤ ይሄ 3 ይሰጣታል። በመጀመሪያው ደረጃ ብቃቷ 2 ነው። የውጊያ ስልቷ ቀስት ከሆነ ሌላ 2 ትጨምራለች። ድምሩ 7። የመከላከያ ቁጥሩ 15 የሆነ ጠላት ላይ 8 ወይም ከዚያ በላይ መጣል ይበቃታል፣ ያ ማለት ከ100 ውስጥ 65 ዕድል ነው። ያንን ስልት ባትመርጥ 55 ይሆን ነበር። ከርቀቱ በላይ ስትወረውር ደግሞ፣ ሁለቱም ዳይስ መሳካት ስላለባቸው፣ 65ቱ ወደ 42 ይወርዳል። ይሄን ስሌት አንዴ የተረዳ ተጫዋች «ለምን ሁሌ እስታለሁ?» ማለቱን ይተዋል፤ ከመወርወሩ በፊት ሁለት እርምጃ መቅረብን ይለምዳል።

ፍላጻ መቁጠር አለብን?

ሕጉ ይቆጠር ይላል። ከውጊያ በኋላ አንድ ደቂቃ የፈለገ ሰው ከወረወረው ግማሹን መልሶ ያገኛል። ከተማ ውስጥ፣ ገበያ አጠገብ ስትጫወቱ ቁጥሩን ተዉት። ረጅም የበረሃ ወይም የጫካ ጉዞ ላይ ግን ቁጠሩ፤ ሦስት ፍላጻ የቀረው ቀስተኛ ሃያ ካለው ሰው ጋር አንድ ዓይነት ውሳኔ አይወስንም።

ጠላት አጠገቤ ሲደርስ ቀስቱ ዋጋ ያጣል?

ይከብዳል እንጂ ዋጋ አያጣም። ሊዋጋችሁ የሚችል ጠላት 5 ጫማ ውስጥ ካለ ሁለት ዳይስ ጥላችሁ ትንሹን ትይዛላችሁ፤ ሌላ ሩቅ ያለ ሰው ላይ ብትወረውሩ እንኳ ያው ነው። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የተከለለ ጠላትም አለ፦ ግማሽ አካሉ ከተሸፈነ መከላከያው በ2 ይጨምራል፣ አብዛኛው ከተሸፈነ በ5። ቀስተኛ ጥሩ የሚሆነው ከጓደኞቹ ጋር ሲግባባ ነው። ጋሻ የያዘው ፊት ይቁም፣ ቀስተኛው ከፍ ያለ ቦታ ይፈልግ፣ ቢላዋም ወገቡ ላይ ይኑር።

ቀስት በእውነተኛው ዓለም እንዴት ነው የሚወረወረው? አተራረኬ ላይ ውሸት እንዳይመስል።

ይሄን ጥያቄ እንወደዋለን። ቀስተኛው ለዒላማው ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል። ቀስት የያዘው ክንዱ ይዘረጋል። በአውሮፓ በተለመደው አሳሳብ አመልካች ጣት ከፍላጻው በላይ፣ ሁለቱ ጣቶች ከታች ሆነው አውታሩን ይስባሉ። እጁ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይደርሳል፤ አንዳንዱ የአፉ ጥግ ላይ፣ ሌላው አገጩ ሥር፣ የጦር ቀስት የሚገትረው እስከ ጆሮው ድረስ። ያቺ ቦታ ከተለዋወጠች ፍላጻውም መድረሻው ይለዋወጣል። ሥራውን የሚሠራው ክንድ ብቻ አይደለም፣ ጀርባም ነው። አለቃቀቁ ደግሞ መወርወር ሳይሆን ጣትን ማላላት ነው፤ አውታሩ ራሱ ያመልጣል።

ሞንጎሎች፣ ቱርኮችና ኮሪያውያን ግን በአውራ ጣት ነው የሚስቡት። ከቀንድ፣ ከአጥንት ወይም ከድንጋይ የተሠራ ቀለበት አውራ ጣታቸው ላይ ያጠልቃሉ። አጭሩ፣ ከእንጨት፣ ከቀንድና ከጅማት ተጣብቆ የሚሠራው ቀስታቸው ፈረስ ላይ ሆኖ ለመወርወር ይመቻል፣ እርጥበት ግን ይጎዳዋል። ታሪካችሁ ክረምት ላይ ከሆነና ገጸ ባሕርያችሁ እንዲህ ያለ ቀስት ከያዘ፣ የጅማን የሐምሌ ዝናብ አስቡና ቀስቱን ምን ላይ ጠቅልሎ እንደሚይዝ ተርኩ። ሌላም አለ፦ ሥራ ላይ ያልሆነ ቀስት አውታሩ ይፈታል፣ አለዚያ ይደክማል። ያለ ፍላጻ ገትሮ ባዶውን መልቀቅ ደግሞ ቀስቱን ሊሰብረው ይችላል። በዓል ላይ የሰው ቀስት አንሥቶ ባዶውን የሚለቅ እንግዳ ሁሉንም ያስጮሃል፤ ጥሩ ትዕይንት ነው፣ ተጠቀሙበት።

ጨዋታው ለቀስት ጉልበትን አይቆጥርም፤ ይሄ ከእውነታው በጣም የራቀው ነጥብ ነው። ሜሪ ሮዝ የምትባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ በ1545 ሰጥማ በ1982 ስትወጣ ከ100 በላይ ረጃጅም ቀስቶች ተገኝተውባታል፤ ለመገተር ከ100 እስከ 185 ፓውንድ ይጠይቁ እንደነበር ተገምቷል፣ በኪሎ ከ45 እስከ 84። ለውጭ ገበያ የሚላክ ቡና የሚታሸገው በ60 ኪሎ ጆንያ ነው፤ እሱን ጆንያ በሦስት ጣት መጎተት ማለት ነው። ስለዚህ «ገትሬ አሥር ደቂቃ እጠብቃለሁ» የሚል ተጫዋች ካጋጠማችሁ አይሆንም በሉት። ፍላጻውን አውታሩ ላይ አድርጎ ሳይገትር ይጠብቅ። እኛ ጠረጴዛ ላይ የጦር ቀስት ለመያዝ ቢያንስ 13 ጉልበት እንጠይቃለን፤ የራሳችን ሕግ ነው፣ ካልወደዳችሁት ተዉት።

በእኛ አገር ቀስት ነበር እንዴ? ወይስ የፈረንጅ ነገር ብቻ ነው?

ነበር፣ አለም። የጉሙዝ ሕዝብ በቀስት ይታወቃል። ጥንታዊ ግብፆችም ከደቡባቸው ያለውን የኑብያን ምድር የቀስት አገር ብለው ይጠሩት ነበር። በደጋው አገር ግን ስሙ የገነነው ጦርና ጋሻ ነው፣ ፈረስም። የእናንተ ዓለም ይህን ቅርፅ ቢይዝ ደስ ይለናል፦ ባላባቱ ጦርና ፈረስ ያለው፣ ቆላውና ጫካው ደግሞ በቀስት የተካነ። ሁለቱ በዓል ላይ ሲገናኙ የሚፈጠረው መናናቅና መከባበር ብቻውን የአንድ ምሽት ጨዋታ ይወጣዋል።

በዓል ላይ የቀስት ውድድር እንዴት ላዘጋጅ? ሦስት ጊዜ ዳይስ ጥለን ያልቃል፣ ይሰለቻል።

የሚሰለቸው የውጊያ ሕግ ስለምትጠቀሙ ነው። ውጊያ ላይ ቀስተኛ ይቸኩላል፣ ሊሞት ይችላል፣ ስለዚህ አንድ ዳይስ ይበቃል። በዓል ላይ ግን ጊዜ አለው፣ ሰው ያየዋል። እናቱ ትኖራለች፣ ባላንጣው አለ፣ ሊያገባት የሚፈልጋት ልጅም ከሰው መሃል ቆማለች። ጨዋታው መሆን ያለበት ምርጫ ላይ ነው።

እንዲህ ሞክሩት። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሦስት ፍላጻ አለው። ከእያንዳንዱ ፍላጻ በፊት ዒላማውን ይመርጣል፦ ቅርቡ 10 ይጠይቃል፣ 1 ነጥብ ይሰጣል። መካከለኛው 15 ይጠይቃል፣ 2 ነጥብ። ሩቁ 20 ይጠይቃል፣ 3 ነጥብ። ከላይ ያየናት ባለ 7ቷ ቀስተኛ ቅርቡን 90 በመቶ፣ መካከለኛውን 65፣ ሩቁን 40 በመቶ ትመታለች። በአማካይ መካከለኛው ይሻላታል። ግን በመጨረሻው ፍላጻ 2 ነጥብ ከተመራች? ሩቁን ከመሞከር ሌላ ማሸነፊያ የላትም። ሕዝቡም ይሄን ያውቃል። ጸጥ የሚለው ያኔ ነው።

በየፍላጻው መሃል ጓደኞቿ አንድ ነገር ይሥሩ። አንዱ ነፋሱን ያንብብ፣ ሌላው ሕዝቡን ያስጨፍር፣ ሦስተኛው የፍላጻዎቹን ላባ ይመርምር። ከተሳካላቸው ሁለት ዳይስ ጥላ ትልቁን ትይዛለች። የባላንጣው ደጋፊዎችም ዝም አይሉም፤ ቡታንን ተመልከቱ። እዚያ ቀስት ብሔራዊ ስፖርት ነው፣ ዒላማው ወደ 145 ሜትር ይርቃል፣ ተቃራኒው ቡድን ወርዋሪውን በነገር ይወጋዋል፣ የመታ ቡድን ደግሞ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል። በሞንጎሊያው ናዳም በዓል ቀስት ከትግልና ከፈረስ እሽቅድምድም ጋር ሦስተኛው ውድድር ነው፤ ዳኞቹ ዒላማው አጠገብ ቆመው ሲመታ እጃቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው በዜማ ያበስራሉ። ጃፓን ውስጥ ያቡሳሜ የሚባለው አለ፦ ጋላቢው ፈረሱን ሳያቆም ሦስት ዒላማ በተከታታይ ይመታል። አውሮፓ ደግሞ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የእንጨት ወፍ ሰቅለው ወደ ላይ የሚወረውሩበት ጥንታዊ ልማድ አለ። ከእነዚህ አንዱን ብቻ መርጣችሁ በደንብ ተርኩት። አራቱን አንድ ሜዳ ላይ ካጨቃችሁ አንዱም አይታይም።

በዓሉን በየትኛው ወር ላድርገው?

ከሥራ ጋር አያይዙት። በዓል ያለ ምክንያት አይመጣም፤ ዝናብ ሲያበቃ፣ እህል ሲገባ፣ መንገድ ሲከፈት ነው የሚመጣው። ጅማ ዙሪያ ብትሆኑ ለቀማው ከጥቅምት ጀምሮ ሰዉን ሁሉ ይይዛል። በእናንተም ዓለም እንዲህ ይሁን፦ ከለቀማ በፊት ያለው በዓል የተራበ፣ ብድር ያለበት ሕዝብ በዓል ነው፤ ከለቀማ በኋላ ያለው እጁ ላይ ገንዘብ ያለው፣ ሠርግ የሚደግስ ሕዝብ ነው። የውድድሩ ሽልማትም ይለያያል። መጀመሪያው ላይ በግ ትልቅ ነገር ነው፣ ኋለኛው ላይ በቅሎም ሊቀርብ ይችላል።

የራሳችሁን የቀን መቁጠሪያ መፍጠር ከከበዳችሁ የራሳችንን 13 ወር ውሰዱ። ጳጉሜን በተለይ ድንቅ ናት፤ አምስት ወይም ስድስት ቀን፣ በዓመትና በዓመት መሃል። የዓመቱ ዕዳ የሚዘጋበት፣ ቀስት ሁሉ አውታሩ የሚፈታበት፣ ማንም መሣሪያ የማያነሣበት ጊዜ ብታደርጓትስ? ጠላት የሚመጣውም እሷን ጠብቆ ነው።

ደመራን፣ ኢሬቻን፣ መውሊድን ጨዋታው ውስጥ ላስገባ?

ስሙንና ቅዱሱን ነገር ተዉት፣ አካሄዱን ውሰዱ። ጅማ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ዋቄፈታውም አብሮ ይቀመጣል። መስቀልን፣ ሰላትን፣ ታቦትን ዳይስ የሚጣልበት ነገር ማድረግ አንዱን ያስከፋል፣ ለጨዋታውም አይጠቅምም። ኢሬቻ ላይ የቀስት ውድድር መክተትም አይገባም፤ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ለምስጋናና ለሰላም የሚወጣበት ቀን ነው። ከእሱ መውሰድ የሚቻለው ሌላ ነው፦ በዚያ ቀን ጠበኞች የማይጣሉበት፣ ወደ ውኃ አብረው የሚወርዱበት መንፈስ።

ከዓለማዊው ጨዋታ ግን በነፃነት ቅዱ። ጉግስ አለ፤ ፈረሰኞች ዘንግ ይወራወራሉ፣ በጋሻ ይመክታሉ። ቡሄ አለ፤ ልጆች ጅራፍ ያጮሃሉ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ገና ጨዋታ አለ፣ እሱ ደግሞ ወርቅ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። በዚያ ቀን ሎሌው ጌታውን ቢያሸንፈው፣ በዱላ ሳያስበው ቢመታው እንኳ ጌታው ቂም አይዝም። ይሄን ሕግ የቀስት ውድድራችሁ ላይ አድርጉት። እረኛው ባላባቱን ያሸንፋል፣ ባላባቱ በሕዝብ ፊት ይስቃል። በማግሥቱ ግን ሕጉ አይሠራም። በማግሥቱ እረኛው ምን ይገጥመዋል? የሚቀጥለው ሳምንት ጨዋታችሁ ተገኘ።

የጅማን ታሪክ መነሻ ማድረግስ ይቻላል?

ይቻላል፣ እንዲያውም ጀምሩበት። ጅሬን ኮረብታ ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ፤ አንድ ከሰዓት ሄዳችሁ የእንጨት በረንዳውን አይታችሁ ተመለሱ፣ ከየትኛውም የፈረንጅ ግንብ ሥዕል የበለጠ ያስተምራችኋል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) ነገሡ። ጎረቤቶቹ ሊሙ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ የጊቤ መንግሥታት ነበሩ። ግዛቱ መግቢያው ላይ ኬላ ነበረው። ሂርማታ ደግሞ ነጋዴ ከሩቅ የሚመጣበት ትልቅ ገበያ ነበር። ንጉሦቹ በፈረሳቸው ስም ነው የሚጠሩት፤ የበዓሉ አሸናፊ ለፈረሱ ስም አውጥቶ በዚያ ስም የሚጠራበት ውድድር ማሰብ አያስቸግርም።

አንድ ነገር ግን አትሸፍኑ። ያ ገበያ ባሪያም የተሸጠበት ገበያ ነው። በዓላችሁ ላይ ያንን እንደ ጌጥ አታስገቡ፣ ካስገባችሁትም ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሰዎች አስቀድማችሁ ጠይቁ። ታሪካዊ ስሞቹን ቀይራችሁ የራሳችሁን መንግሥት መፍጠር ከሁሉም ይቀላል፤ ኮረብታውን፣ ኬላውን፣ ገበያውን ያዙ፣ ሰዎቹን ራሳችሁ ፍጠሩ።

አንድ ቀስተኛ ብቻ ነው ያለን። እሱ ሲወዳደር ሌሎቹ ስልክ ይነካካሉ።

ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። በዓሉን ቀስት ብቻ አድርጋችሁታል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት የሚያስጨንቀው ጉዳይ ስጡት። ተዋጊዋ ዳኛ ሆና ተመርጣለች፣ የሁለቱም ወገን ዘመዶች እየመጡ በጎን ያናግሯታል። ዘፋኙ የአሸናፊውን ግጥም መድረስ አለበት፣ አሸናፊው ማን እንደሚሆን ግን አያውቅም። ሌባው የሽልማቱን በቅሎ እየጠበቀ ነው፣ በቅሎዋ የተሰረቀች እንደሆነች ያወቀውም እሱ ብቻ ነው። አስማተኛው ነፋሱን ሊያዞር ይችላል፤ ያዞረዋል?

ከዚያ በአንድ ፍላጻና በሌላው መሃል ካሜራውን ወደ እነሱ አዙሩ። ቀስተኛው ሦስት ፍላጻ ይወረውራል፣ በመሃል ሁለት ክፍተት አለ፤ ሁለቱንም ለሌሎቹ ስጧቸው። በዚህ መንገድ የመጨረሻው ፍላጻ ሲለቀቅ የሁሉም ጉዳይ እሱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ተጫዋቼ በበዓሉ መሃል ሰው ላይ ፍላጻ ለቀቀ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ቆም በሉና «ምን እንዲሆን ፈልገህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ተጫዋቹ ወንጀል መሥራት አልፈለገም። በዓል ሲተረክለት ወጥመድ ጠርጥሯል። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የማስተሮች ነው፤ በዓል በተከፈተ ቁጥር ነፍሰ ገዳይ የሚያወጡ፣ ዘንዶ የሚያወርዱ ብዙ ናቸው። ሦስት በዓል ላይ ሦስቴ የተጠቃ ተጫዋች አራተኛው ላይ ቀስቱን ገትሮ ቢገባ አይፈረድበትም። ስለዚህ አብዛኞቹ በዓሎቻችሁ በሰላም ይለቁ። ይብሉ፣ ይጨፍሩ፣ ይሸነፉ፣ ወደ ቤት ይሂዱ።

ሆን ብሎ ካደረገው ግን ዓለሙ ይመልስለት። ወታደር ጠርታችሁ አሥር ዙር ከማዋጋት ሽማግሌ ይጠራ። በኦሮሞ ባህል ደም ሲፈስ ጉማ የሚባል የእርቅ ሥርዓት አለ፤ የገዳይና የሟች ወገን በሽማግሌ ፊት ይቀመጣሉ፣ ካሣ ይከፈላል፣ ደም ይደርቃል። የዚያን ዓይነት ሥርዓት በዓለማችሁ ፍጠሩ። ካሣውን ማን ይከፍላል? ጓደኞቹ ከብታቸውን ይሰጣሉ? የሟች እናት ፊት ሲቀመጥ ምን ይላል? እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ ምሽቱን ሙሉ ስጡት። ሌላው የሚነሣው ነጥብ የሳተ ፍላጻ ሰው ይመታል ወይ የሚለው ነው። ሕጉ እንዲህ ያለ ነገር የለውም፣ እኛም አንጨምርም። ተጫዋች ሳያስበው ሕፃን ገደለ ማለት ቅጣት እንጂ ጨዋታ አይደለም።

ገጸ ባሕርዬ ሆን ብሎ መሸነፍ ይፈልጋል። ዳይስ ይጣል ወይስ «ሳትኩ» ማለት ይበቃል?

መሳት ብቻ ከሆነ ዳይስ አያስፈልግም፤ ማንም ሰው ዒላማ መሳት ይችላል። የሚከብደው ሳያስታውቅ መሳት ነው። የሙሽራዋ ወንድም ፊት ላለማሸነፍ የሚፈልግ ጎበዝ ቀስተኛ ፍላጻውን ከዒላማው አንድ ጣት ርቀት ላይ ማሳረፍ አለበት፣ ፊቱም መናደድ አለበት። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይጣል። አንዱ የቀስት ምት ነው፤ መካከለኛውን 15 ከደረሰ ፍላጻው የፈለገው ቦታ ያርፋል፣ ካልደረሰ ማስተሩ የት እንዳረፈ ይወስናል፣ መሃል ዒላማውን ሊሆንም ይችላል። ሁለተኛው የማስመሰል ነው፤ በሕዝቡ መሃል ካለው በጣም አስተዋይ ሰው ማስተዋል ጋር ይነጻጸራል።

ያ አስተዋይ ሰው ማን እንደሆነ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ወስናችሁ ጻፉት። ለተጫዋቹ አትንገሩት። ካወቀበት ወዲያው አይጮኽም፤ ሰዉ ሲበተን ጠጋ ብሎ «ለምን?» ብሎ ይጠይቀዋል፣ ተጫዋቹም መልስ ማግኘት አለበት።